የወንድሜ ፒካፕ ሳጥን ከሶማሌ ተራ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ

በእኛ ሰፈር «አላውቅም» የሚል ሰው ካገኛችሁ እንግዳ ነው ማለት ነው። የአራዳ ልጅ መንገድ ሲጠየቅ ሄዶበት የማያውቀውን ሰፈር ሳይቀር በእጁ እያመለከተ ያሳያል፤ ስለ ኩላሊት ከተነሳ ሐኪም ይሆናል፤ ስለ መኪና ከተነሳማ አለቀ፣ ምሳችሁን በልታችሁ ብትመለሱም ንግግሩን አልጨረሰም። እኔም የዚሁ ሰፈር ልጅ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ሌሎች የምለውን ሁሉ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሜ የምለው እንዳይመስላችሁ ነው። ብዙዎቹን እንቃለሁ፤ መናቅን ግን የተማርኩት ከእነሱው ነው።

ወንድሜ አናጺ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ፣ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ከተረፉት ጥቂት ግቢዎች በአንዱ ውስጥ ይሠራል። ታናሼ ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከእንጨት ጋር መዋል የሚወደው እንጨት ስለማይመልስለት ይመስለኛል። በዚያ ክረምት ከከተማው ወጣ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ወንበርና ጠረጴዛ አዞት ነበር። ሠርቶ መጨረስ ብቻ ሳይሆን፣ ትምህርት ሳይከፈት በየዙሩ ጭኖ ማድረስም የእሱ ድርሻ ነበር። ለዚህ የምታገለግለው አንዲት አሮጌ ነጭ ፒካፕ ነበረችው። ነሐሴ መግቢያ ላይ በሩ አጠገብ ቆማ ሳለች፣ አንድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ወጣባት። ጋቢናዋም ሞተሯም ደህና ነበሩ። የኋላው የጭነት ሳጥን ግን የተረገጠ የሰርዲን ቆርቆሮ መሰለ። ፈትተው ጣሉት፤ ከጋቢናው በስተኋላ የቀረው ባዶ ሻንሲ ብቻ ሆነ።

ሳጥን የሌላት ፒካፕ ምርመራ አታልፍም። ምርመራ ካላለፈች ቦሎ አይሰጣትም፤ ቦሎ ከሌላት ደግሞ የመጀመሪያው ትራፊክ ያቆማታል። የምርመራው ቀጠሮ ሰኞ ነበር። ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያውን ዙር የሚጠብቀው ሐሙስ ነበር። ስለዚህ ተለዋጩ ሳጥን ቅዳሜ ዕለት ሳይጎዳ ከወንድሜ በር መድረስ ነበረበት፤ ጋራዡ እሑድ ሊገጥምለት ተስማምቷል። ካልደረሰ፣ ክረምቱን ሙሉ የደከመበት ሥራ ከእጁ ይወጣል። ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ አልነበረም።

እሱ ራሱ እንዳይሄድ ወንበሮቹ ቀለም ላይ ነበሩ። ሳጥኑን በስልክ አስገኝቶ፣ ፎቶውን አይቶ፣ ልኩን አስለክቶ ጨርሷል፤ የቀረው ሄዶ ማምጣት ብቻ ነው። ለዚህ እኔን ለመነኝ። እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ሌሎች የሚፈርሙበትን ደብዳቤ አረቅቃለሁ። ስለ መኪና የማውቀው የትኛው በር ጠንክሮ እንደሚዘጋ ብቻ ነው። ወንድሜ ግን የፈለገው ምላሴን ነበር። «አንቺ ካለሽ ማንም አያሞኘንም» አለኝ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ፤ ሰው በሚመካበት ነገር ሲፈለግ ደስ ይለዋል።

ሹፌሩን የመረጠው እሱ ነው። ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብለው ከሚቆሙት የኪራይ ፒካፖች አንዷን የሚነዳ፣ ዕድሜው ከእኔ የማይርቅ፣ ቀጭን፣ ጥቁር የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድቡ የሚያጠልቅ ሰው ነበር። ለወንድሜ ለዓመታት ጣውላ ሲያመላልስለት ኖሯል። «ጭነት ያውቃል፤ እሱ ያለሽን አድርጊ» አለኝ ወንድሜ። ምክሩን ሰማሁ፤ ሰምቼም ወደ ጎን አስቀመጥኩት። ንግግር የሚያጥረው ሰው ዕውቀትም የሚያጥረው ይመስለኝ ነበር።

አጎታችን ሳይጠሩ መጡ። የእናታችን ወንድም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር። መሪ ከጨበጡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም የአሰብ መንገድ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሻይ ከቀዘቀዘባቸው አሰብ ላይ ሻይ እንዴት እንደሚፈላ ይነግሯችኋል፤ ዝናብ ከጣለ አሰብ ላይ ዝናብ እንደማይጥል። አሁን የሰፈሩ እድር ንብረት ክፍል ናቸው። የድንኳኑና የድስቱ፣ የአግዳሚውና የሰሃኑ ቁልፍ ሁሉ በእሳቸው ኪስ ነው። በዚህም የተነሳ መላው ሰፈር በየተራው እሳቸው እጅ ላይ እንደሚወድቅ በልባቸው ያውቃሉ፤ ሲራመዱም ያስታውቃል። «ጭነት ካለ እኔ ሳልኖር?» ብለው ጋቢና ገቡና በመስኮቱ በኩል ተመቻቹ። እኔ መሐል ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ከማርሹ ጋር እየተጋጨ ሄድን።

ሶማሌ ተራ መኪና የሚበለትበት ሰፈር ነው። በር በበር ላይ፣ ፍሬቻ በፍሬቻ ላይ ተከምሯል፤ በክምሩ መሐል ቅባት የለበሱ ሰዎች ይመላለሳሉ። ሳጥናችን ከአንድ ግቢ ጥግ ተደግፎ ይጠብቀን ነበር። ሰማያዊ ነው፤ ዝገት የለበትም፤ ከስሩ ብሎን የሚያልፍባቸው ቦታዎች ቀጥ ያሉ ናቸው። ሹፌሩ ተንበርክኮ አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሳቸውና «ደህና ነው» አለ። አጎቴ ከቆሙበት ሳይንቀሳቀሱ እንደዚህ ያለ ሳጥን አሁን እንደማይሠራ፣ የአሁኑ ወረቀት እንደሆነ ተናገሩ። ሻጩ ራሱ ይህን ያህል አላመሰገነውም ነበር።

ከዚያ ጫኝና አውራጆች መጡ። እዚያ አካባቢ የራሳችሁን ዕቃ በራሳችሁ ትከሻ ካነሳችሁ የሰው ርስት እንደነካችሁ ይቆጠራል። ስድስት ነበሩ፤ ሁለቱ አነሱ፣ አራቱ አዘዙ። ሳጥኑ ከመሬት ሳይነሳ በፊት እንዴት መጫን እንዳለበት አምስት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንደኛው ተገልብጦ ነው የሚጫነው አለ። ሌላው ይህን ከሰማ በኋላ የተገለበጠ ሳጥን ሲጫን አይቶ እንደማያውቅና ወደፊትም ማየት እንደማይፈልግ ገለጸ። ዕቃ ሊገዛ የመጣ፣ በእጁ የጭስ ማውጫ ቱቦ የያዘ አላፊ አግዳሚ ሳይቀር ቱቦውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሐሳብ ሰጠ። እኔ እነሱን እያየሁ በሆዴ እስቅ ነበር፤ ወንዶች አንድ ብረት ዙሪያ ሲሰበሰቡ የሚይዛቸውን ነገር ስሙን አላውቀውም።

ሹፌሩ ለማንም አልመለሰም። በመጀመሪያ የሳጥኑን የኋላ መዝጊያ ነቅሎ ለብቻው አስቀመጠ፤ መንገድ ላይ ከተከፈተ ሰው ይመታል አለ። የእሱ ፒካፕና የእኛ ሳጥን ወርዳቸው እኩል ስለሆነ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም፤ ከላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ በራሱ መኪና ጎንና ጎን ላይ ጣውላ አጋደመ፤ በጣውላው ላይ የተቆራረጠ አሮጌ ጎማ አነጠፈ። ብረት በብረት ላይ ካረፈ ይንሸራተታል፣ ደግሞም ካፊያ አለ፣ ብሎ ለእኔ አስረዳኝ፤ ሌሎቹን ትቶ ለእኔ። ሳጥኑ ሲጫን አራቱን ማዕዘን ለየብቻ፣ ገመዱን እያመሳቀለ አሰረ። እያንዳንዱን ቋጠሮ በእግሩ ረግጦ በሙሉ ክብደቱ ይስበው ነበር። ረጅም ጊዜ ወሰደ። አጎቴ በዚህ ጊዜ ውስጥ እሳቸው አሰብ ደርሰው ይመለሱ እንደነበር ተናገሩ፤ እኔም ሰዓቴን ማየት ጀመርኩ።

ልንነሳ ስንል አጎቴ የሉም። ቆይተው ከጎን ካለው የብየዳ ቤት ብቅ አሉ፤ ከኋላቸው ሁለት ሰዎች የብረት አግዳሚ ተሸክመው ይከተሏቸዋል። ለካ የእድሩ አግዳሚዎችና የድንኳኑ ምሰሶዎች ሊበየዱ እዚያ ሰንብተዋል። ሳይጠሩ የመጡበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። ስድስት አግዳሚና አንድ እቅፍ ምሰሶ ነበር።

«አባቴ» አለ ሹፌሩ፣ «ይሄ ሳጥን ራሱ ጭነት ነው እኮ። ጭነት ላይ ጭነት አይሆንም።»

«ሳጥን የሚሠራው ለምንድን ነው ታዲያ?» አሉ አጎቴ። «አበባ ሊተከልበት ነው?»

ጫኞቹ ሳቁ። መልሱ ጥሩ ነበር፤ ትክክል አልነበረም እንጂ ጥሩ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ሁለቱን የሚለይ ሰው ብዙ የለም። በዚያ ላይ ባዶ የሚሄድ ነገር ማየት ያንገበግበናል። ከክፍለ ሀገር የሚመለስ አውቶቡስ ከሰል ሳይዝ አይመለስም፤ ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ሻንጣው ባዶ ከሆነ ጎረቤት ይሞላለታል። ባዶ ሳጥን ደግሞ ያውም አፉን ከፍቶ ከላይ ተቀምጦ ሲሄድ ማን ያስችለዋል? ሹፌሩ አሁንም አንገቱን ነቀነቀ። ያኔ አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእድር ዕቃ ነው» አሉ።

በዚህ ነገሩ አለቀ። የእድር ዕቃ አልጭንም የሚል ሰው የለም። ሕግ ከልክሎት አይደለም፤ የእድርን አግዳሚ መንገድ ላይ ጥሎ የሄደ ሰው፣ ነገ እናቱ ስትሞት ያ አግዳሚ በሩ ላይ ሲደረደር ምን ፊት ይኖረዋል ብሎ ስለሚያስብ ነው። ሹፌሩ የእኛ እድርተኛ እንኳ አልነበረም፤ ግን እሱም አንገቱን መነቅነቁን ተወ። ጫኞቹም ሳቃቸውን አቆሙ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ መኪናዋን የተከራየሁት እኔ ነኝ፣ ቃሉ የእኔ ነው። አንዲት «አይሆንም» ብትበቃ ነበር። እኔም ለአጎቴ ብዬ፣ ለእድሩም ብዬ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ርቦኝ ስለነበር «ይጫን» አልኩ።

ሹፌሩ ተከራክሮ አላሰለቸንም። አግዳሚዎቹን ወደ ሳጥኑ ፊት አስጠግቶ ደረደራቸው፤ ምሰሶዎቹን በመሐላቸው አስገባ። ሲጨርስ ወደ እኔ ቀርቦ «ዕቃው መንገድ ላይ ሲረጋ ገመዱ ይላላል፣ እትዬ» አለኝ። «ጊዮርጊስ ጋ ቆሜ አጠብቀዋለሁ።» እሺ አልኩት። እሺ ማለቴን በደንብ አስታውሳለሁ።

ሽቅብ ጉዞ ጀመርን። ካፊያው ወደ ዝናብ አደገ። ከላያችን ብረት ከብረት ይንቋቋል፤ ጋቢና ውስጥ አጎቴ ቢስሚላህ ብለው ከጀመሩ በኋላ ወዲያው ሹፌሩን ስለ ማርሽ አጠቃቀሙ ይመክሩታል። ፒካፕ ፒካፕ ተሸክማ ስትሄድ ያላየ ሰው ብዙ ነበርና በየመንገዱ ይጠቋቆሙብናል። አንድ ሚኒባስ ረዳት በመስኮቱ ብቅ ብሎ ፎቁ ስንት ክፍል እንዳለው ጠየቀ። ቀልዱ ስላልጣመኝ አልመለስኩለትም፤ የተሻለ ግን እያሰብኩ ነበር። የእኔ ሰው እንዲህ ነው፤ መልስ ሳይሰጥ የተሸነፈበት ቀልድ አንድ ሳምንት ሆዱን ይቆርጠዋል።

ምኒልክ አደባባይ፣ ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ ሹፌሩ እንዳለው ቆመ። የባቡሩን ማቆሚያ ተጠግቶ፣ ሰው በተሰለፈበት በኩል። ወርዶ ጎማው ላይ ወጣና ገመዶቹን አንድ በአንድ በእጁ ይሞክር ጀመር። የፊተኞቹን ፈታ፣ ሳበ፣ እንደገና ቋጠረ። አጎቴም ወርደው ከስሩ ቆሙ፤ እነሱ በአሰብ መንገድ ሚሌ ሳይደርሱ ገመድ እንደማይነኩ ይነግሩታል። እኔ ወደ መስኮቱ ተጠግቼ ዝናቡን አያለሁ። ምሳ ሰዓት አልፏል። አዲሱ ጫማዬ ረጥቧል። ይህ ሰው ደግሞ አንድ ገመድ ላይ ጨቅላ እንደሚጠቀልል ሰው ተጠንቅቆ ይጠበብበታል። ተናደድኩ። ያናደደኝ መዘግየቱ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ማንም ደንታ ሳይኖረው፣ ማንንም ሳያስቅ፣ ለማንም ሳይመልስ ሥራውን መሥራቱ ጭምር ነው። አሁን ሳስበው እንደዚያ ነበር።

ከሰልፉ ውስጥ ጃንጥላ የያዘ አንድ ሰውዬ ምንድን ነው የጫናችሁት ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው ሹፌሩን ነው፤ የመለስኩት እኔ ነኝ።

«መኪና መኪና አዝላ ነው» አልኩ በመስኮቱ። «ሹፌሩ አንቀልባዋን ካላጠበቅኩ ብሎ ነው እንጂ ልጁስ ተኝቶላት ነበር።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እንዴት ያለ ሳቅ ነበር መሰላችሁ፤ ጃንጥላዎቹ ሁሉ ተንቀጠቀጡ። ባለ ጃንጥላው ሰውዬ ለጎረቤቱ ደገመለት፤ ከኋላ ያሉት ምን አለች ብለው ጠየቁ፤ ተነገራቸውና እነሱም ሳቁ። አንዲት ሴት «እሹሩሩ በለው» ብላ ለሹፌሩ ጮኸችለት። አጎቴ እንኳ ጥርሳቸው ታየ። ዕድሜ ልኬን ብዙ ሰው አስቄያለሁ፤ እንደዚያ ቀን የተሳካልኝ ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

ሹፌሩ ጎማው ላይ እንደቆመ እጁ ገመዱ ላይ ቀረ። ፊቱ ላይ ዝናብ ነበርና ምን እንደሆነ በደንብ አላየሁም። ቀስ ብሎ ወረደ፤ ወደ መስኮቱ መጣና በዝቅተኛ ድምፅ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው «የኋላዎቹ ሁለቱ ቀርተዋል፣ እትዬ» አለኝ።

በዚያች ቅጽበት እሺ፣ ጨርስ ማለት ይቻል ነበር። ሰዉ ግን ገና እያየኝ ነበር፤ ሌላ ይጠብቃል። «በል ሳይነቃ እናድርሰው» አልኩ ጮክ ብዬ። እንደገና ተሳቀ። ሹፌሩ ዞሮ ገባና ሞተሩን አስነሳ። ያ ሁሉ ሰው እየሳቀበት አንድ ጎልማሳ ሰው ገመድ ሲያስር ይቆይ ዘንድ አይቻልም፤ ክብር ያለው ሁሉ ጥሎ ይሄዳል። ይህን ሳላውቅ አልተናገርኩም።

ፒያሳን አቋርጠን ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ስንጀምር ሹፌሩ በጣም በዝግታ ይነዳ ነበር። ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ ዓይኑ በየቅጽበቱ መስታወቱ ላይ። ሰዉ ከኋላችን ጥሩንባ ይነፋል። መንገዱ ወደሚታጠፍበት ስንደርስ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ፊታችን ገባ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ለስለስ አድርጎ ነው የያዘው፤ ይህንንም እመሰክራለሁ። የፊተኞቹ ገመዶች መጀመሪያ ሳጥኑን ይዘውት ነበር። የኋላው ግን እየተንሸራተተ ወደ ጎን ሲዞር በጀርባዬ በኩል ሰማሁት። መኪናዋ አንድ ጊዜ ተንገዳገደች፣ ከዚያ የፊተኞቹም ገመዶች ተበጥሰው ቀለለች።

ድምፁን አልገልጸውም። ስንወርድ ሳጥኑ በማዕዘኑ ወድቆ፣ በአንድ ጎኑ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ተደግፎ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተነካም። ሰዉ አስቀድሞ ዘሎ ነበር፤ ከዘለለ በኋላ ደግሞ ወዲያው ተመልሶ መጣ። የእድሩ አግዳሚዎች አንዳቸውም አልተጎዱም። ተበትነው ሁለቱ በእግራቸው ቆመዋል፤ እውነቴን ነው የምለው፣ ሁለት ሰዎች ዝናቡ ጋብ ሲል ተቀመጡባቸውና ከዚያ ላይ ሆነው ምን ማድረግ እንደነበረብን ያስረዱን ጀመር። አጎቴ ምሰሶ ይለቅማሉ። አራዳ ይህ ነው። ቤትህ ሲቃጠል ውሃ የሚያመጣልህ ታገኛለህ፤ ውሃው እንዴት እንደሚደፋ የሚያስተምርህ ግን ከሱ ቀድሞ ይደርሳል።

ወንድሜ ሰው ነግሮት ከአውደ ሥራው እየሮጠ መጣ። ክንዱ እስከ ክርኑ ቀለም ነው። ለማንም ሰላም ሳይል ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከከ። የአንዱ ጎን ቆርቆሮ ታጥፏል፤ እሱ ምንም አይደለም፣ ይቀጠቀጣል። ወለሉ ግን ተጠማዝዟል፤ ሹፌሩ ጠዋት በጣቱ የዳሰሳቸው የብሎን ቦታዎች አንዱ ከሌላው ተለያይተዋል። ወንድሜም በጣቱ ዳሰሳቸው። እንጨት ሲመርጥ የሚያደርገው እንደዚያ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ። ሐሙስ እንዳመለጠችው ከትከሻው ላይ አየሁ።

ተነሥቶ ገመዱን አነሳ። የኋላዎቹ ሁለቱ ገመዶች አልተበጠሱም፤ ላልተው ወጥተዋል። ይህን ለማወቅ አናጺ መሆን አያስፈልግም።

«ይሄን ገመድ ማን ነው ሳያጠብቀው የተነሳው?» አለ።

እኔ ከእሱ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ይህን ብዙ ጊዜ ለራሴ እነግረዋለሁ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ሹፌሩ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ማጥበቅ ነበረብኝ።»

ወደ እኔ አልተመለከተም። ቢመለከተኝ ኖሮ ምናልባት እናገር ነበር። እኔን ለማዳን ብሎ እንኳ ያደረገው አይመስለኝም፤ የሴት ስም ጠርቶ፣ እሷ አስቸኮለችኝ ብሎ፣ መንገድ ላይ በሰው ፊት መከራከር ለእሱ ከጥፋቱ የባሰ ነውር ነበር። አጎቴ ወዲያው «እኔማ ነግሬው ነበር» አሉ። ምን እንደነገሩት ማንም አልጠየቃቸውም። ወንድሜ፣ ሰው ሲሰድብ ሰምቼው የማላውቀው፣ ያን ሰውዬ በተቀመጡትና በቆሙት ሁሉ ፊት፣ ጭነት ካላወቀ ሌላ ሥራ እንዲፈልግና ከእንግዲህ በበሩ እንዳያልፍ ነገረው። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ጨመቀው፤ መልሶ አጠለቀው። ሳጥኑን አንስቶ እስከ ግቢው ካደረሰ በኋላ ኪራዩን አልቀበልም ብሎ ሄደ። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። እኔ፣ ማንም አያሞኘንም ተብዬ የተላክሁት።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርሰው። ሳጥኑ ተቀጥቅጦ፣ ተበይዶ፣ እንደምንም ተገጠመ፤ ግን መስከረም ከገባ በኋላ ነው። ወንድሜ የመጀመሪያውን ዙር በሰው መኪና ላከ፤ ሁለተኛው ዙር ዘገየ፤ ትምህርት ቤቱም የቀረውን ለሌላ አናጺ ሰጠው። የተቀባው ወንበር ግማሹ እስከ ጥር ግቢው ውስጥ ተቆልሎ ነበር፤ ልጠይቀው ስሄድ እዚያው ላይ እቀመጥ ነበር። ወንድሜ እኔን አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እንዲያውም አብሬያቸው ባልሆን ኖሮ ሰው ይጎዳ ነበር ብሎ ያምናል። ጣውላ የሚያመላልስለት አዲስ ሹፌር ባገኘ ቁጥር የድሮውን ያነሳል፤ ይህን ያህል ዓመት አምኜው፣ ይላል፣ ለአንዲት ገመድ ሰነፈ። እኔም እሰማለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጭንቅላቴን ነቅንቄ ተስማምቻለሁ።

ሹፌሩን ባለፈው ሰሞን አገኘሁት። እዚያው ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ፣ ከሌሎች ሦስት ሹፌሮች ጋር መኪናዋን ተደግፎ ቆሟል። ሳላየው ላልፍ ስል እሱ ነው የጠራኝ። «እንደምን ነዎት፣ እትዬ» አለኝ፤ ወንድሜ ደህና እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሳጥኑስ ተገጠመ ወይ አለኝ። ተገጥሟል አልኩት። «ተመስገን» አለ፣ ከልቡ። «ያን ጊዜ በጣም ነበር ያዘንኩት።»

ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለብዙ ወራት ሳረቅቀው ኖሬያለሁ፤ ማርቀቅ ሥራዬ ነው። ግን ሦስቱ ሹፌሮች ዞረው ያዩኛል፤ ይቺ ማን ናት በሚል ዓይን፣ ደግሞ ምን ትል ይሆን በሚል። እኔም አልኩ። ስለ መኪናው ነበር፣ ስለ ሳጥኑም፣ ስለ እሱም ትንሽ። ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም። ጥሩ ቀልድ ነበር። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ።